ውኃ ከማቆራችን በፊት መሬቱን እንመርምር

ውኃ ሕይወት ነው። ይህን ከገበሬ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በተለይ በመቀሌ ዙሪያ ባለው ደረቅ አገር ዋናው ዝናብ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። መስከረም ሲጠባ ወንዙ ይጎድላል። ጥር ላይ ከወንዙ የሚቀረው አሸዋና ጠጠር ብቻ ነው። ሴቶችና ልጆች እንስራና ጀሪካን ይዘው ሩቅ ይሄዳሉ። ከብቱም ይከሳል። ስለዚህ የክረምቱን ጎርፍ ገድቦ ማቆየት፣ ኩሬ መቆፈር፣ የደረቀውን ረግረግ መልሶ ማርጠብ ትልቅ ሥራ ነው። ሣር ይበቅላል፤ ምንጭ ይጎለብታል፤ ወፍም ይመለሳል።

ነገር ግን ከዚህ ሥራ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት። ጥያቄው «በዚህ ቦታ ከእኛ በፊት ማን ነበር?» የሚል ነው።

የሁለት ሰዎች ክርክር

እንበልና አንድ መንደር ግድብ ሊሠራ ተሰበሰበ። ሸለቆው የሚጠብበት፣ ለግድብ የሚመች አንድ ቦታ ተመረጠ። አንድ አዛውንት ተነሡና እንዲህ አሉ፦

«ቦታውን አባቶቻችን ዖና ይሉታል። ዖና ማለት የፈረሰ መንደር ነው። እኔም ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ የተጠረበ ድንጋይ አይቼበታለሁ። መጀመሪያ ይታይ።»

አንድ ወጣት ደግሞ መለሰ፦

«አባቴ፣ የእርስዎን ቃል አልንቅም። ግን ልጆቻችን ውኃ ጠምቷቸዋል። ድንጋይ ይጠጣል እንዴ? ዶዘሩ የመጣው ለጥቂት ቀን ነው። ከሄደ መቼ እንደሚመለስ ማን ያውቃል?»

«ልጄ፣ ውኃውን ማን ጠላው? እኔ ያልኩት ሳናይ አንቆፍር ነው።»

ከሁለቱ ማን ተሳሳተ? ሁለቱም እውነት አላቸው። ወጣቱ የዛሬውን ጥም አየ። አዛውንቱ ደግሞ አንዴ ከጠፋ የማይመለሰውን ነገር አዩ። ጥሩ ሥራ ማለት ሁለቱንም የሚያስታርቅ ሥራ ነው።

ታሪክ ለምን ወንዝ ዳር ይገኛል?

ዛሬ እኛ ውኃ ፍለጋ የምንሄድበት ቦታ፣ የጥንት ሰዎችም ውኃ ፍለጋ የሄዱበት ቦታ ነው። እነሱም ከብት ነበራቸው። እነሱም ያርሱ ነበር። በደረቅ አገር ሰው የሚሰፍረው ውኃ ባለበት ነው። ስለዚህ መንደራቸው፣ መቃብራቸውና መቅደሳቸው ከወንዝና ከምንጭ አይርቅም። ከዚያም በየክረምቱ ጎርፍ ደለል ያመጣል። ደለሉ በዓመት ጥቂት ጥቂት እያለ ሁሉን ይሸፍነዋል። ከላይ ሲያዩት እርሻ ነው። ከሥሩ ግን ቤት ሊኖር ይችላል።

ለምሳሌ ያህል በአፋር በረሃ የሚፈሰውን አዋሽን እንመልከት። በዚያ ሸለቆ፣ ሀዳር በሚባል ቦታ፣ በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. የድንቅነሽ አጥንት ተገኘ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በዓለም ላይ ስሟ የታወቀ ነው። አጥንቷን ለሚሊዮን ዓመታት ያቆየው ደለል ነው።

ወደ ራሳችን አካባቢ እንምጣ። በውቅሮ አጠገብ መቃብር ጋዕዋ የሚባል ስፍራ አለ። እዚያ በ2000 ዓ.ም. በአጋጣሚ የጥንት መቅደስ ተገኘ። በውስጡም በሳባ ፊደል የተጻፈበት መሠዊያ ነበር። ጽሑፉ ዋዕራን የተባለ ንጉሥንና አልመቃህ የተባለውን ጣዖት ያነሣል። የየሐንም ስም ይጠራል። ዕድሜው ከ2,500 ዓመት በላይ ነው። ያ ቦታ ሳይታይ ተቆፍሮ ቢሆን ኖሮ ዋዕራን ይህን መሠዊያ እንዳሠራ ማን ይነግረን ነበር?

በየሐ አቅራቢያ ደግሞ ቤተ ሰማቲ የሚባል ጉብታ አለ። ስፋቱ 14 ሄክታር ያህል ነው። ባለሙያዎች በ2001 ዓ.ም. ወደዚያ ያመሩት የአካባቢው ሰዎች «ይህ ኮረብታ ታሪክ አለው» ብለው ስለነገሯቸው ነው። ሲቆፈር የአክሱም ዘመን ከተማ ተገኘ። ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያንና የወርቅ ቀለበትም ወጣ። እንግዲህ ልብ በሉ። መሣሪያው የባለሙያው ነው፤ መንገዱን ያሳየው ግን ገበሬው ነው።

ውኃው ራሱ ታሪክ ሲሆን

አንዳንድ ጊዜ ታሪኩ ያለው ከመሬት በታች ብቻ አይደለም። ኩሬው ወይም ምንጩ ራሱ ቅርስ ይሆናል። በአክሱም ማይ ሹም የሚባለው የውኃ ማጠራቀሚያ የቆየ ሥራ ነው። ሕዝቡ ከንግሥተ ሳባ ስም ጋር አያይዞ ይተርከዋል። ጥምቀትም ይከበርበታል።

በመቀሌም እንዳ ኢየሱስ የሚባለው ኮረብታ አለ። በ1888 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር እዚያ ምሽግ ሠርቶ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር ከበበው። ምሽጉ ግን በቀላሉ አልሰበር አለ። በመጨረሻ በእቴጌ ጣይቱ ዘዴ ጠላት ውኃ የሚቀዳበት ምንጭ ተያዘ። ጠላትም በጥማት ተጨንቆ በጥር ወር ምሽጉን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ የዓድዋ ድል መጣ። አንድ ምንጭ ከውኃነቱ ሌላ ይህን የሚያህል ታሪክ ሊይዝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ምንጭ ሲያጎለብቱ ወይም በሲሚንቶ ሲገነቡ አስቀድሞ ታሪኩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ችኮላ የሚያመጣው ጉዳት

«ጥናት ጊዜ ይፈጃል» የሚል ሰው አለ። እውነት ነው፤ ይፈጃል። ያለ ጥናት የተሠራ ሥራ ግን ከዚያ የበለጠ ይፈጃል። በ1987 ዓ.ም. በትግራይ በ10 ዓመት ውስጥ 500 ግድቦች ለመሥራት ታቅዶ ነበር። የተሠሩት ከዕቅዱ እጅግ ያነሱ ናቸው። ከተሠሩትም አንዳንዶቹ ውኃ አፈሰሱ። አንዳንዶቹ በደለል ተሞሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ የታሰበውን ያህል ውኃ አልያዙም። መሬቱን አስቀድሞ በደንብ መመርመር ለታሪክ ብቻ ሳይሆን ለውኃውም ይጠቅማል። ባለሙያ አንዴ ከመጣ አፈሩንም፣ ድንጋዩንም፣ ቅርሱንም በአንድ ላይ ማየት ይቻላል።

የፈሰሰ ግድብ ይጠገናል። የፈረሰ ቅርስ ግን ተመልሶ አይሠራም። በሽሬ አካባቢ ማይ አድራሻ የሚባል ጥንታዊ ስፍራ አለ። ሰዎች ወርቅ ፍለጋ አፈሩን እየቆፈሩ ሲያጥቡ ስፍራው በጣም ተጎድቷል። ችግር ያስገደደው ሰው ነው የቆፈረው። ሆኖም አንዴ የተገለበጠ አፈር ታሪኩን መልሶ አይናገርም።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነትም በትግራይ ብዙ ቅርስ ተጎድቷል። የነጃሺ መስጊድ አንዱ ነው። ስለዚህ የተረፈውን በገዛ እጃችን እንዳናጠፋ መጠንቀቅ አለብን።

በሌላ አገር ምን ተደረገ?

ግብፅ በአባይ ወንዝ ላይ የአስዋንን ትልቅ ግድብ ስትሠራ ብዙ የጥንት መቅደሶች በውኃ ሊዋጡ ሆነ። ዩኔስኮ በ1952 ዓ.ም. የዓለምን መንግሥታት ለእርዳታ ጠራ። አቡ ሲምበል የተባለው የ3,200 ዓመት መቅደስ ከ1956 እስከ 1961 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በትልልቅ ብሎክ ተቆርጦ ተነሣ። ከነበረበት 65 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታም እንደገና ተተከለ። ግድቡም ተሠራ፤ መቅደሱም ዳነ። ሁሉም ግን አልዳነም። ብዙ የኑብያ መንደር ከነመቃብሩ ከውኃው ሥር ቀርቷል።

በአሜሪካም ኮሎራዶ የሚባል በበረሃ የሚያልፍ ወንዝ አለ። ከዳርቻው የጠፉት ወፎችና ዓሦች እንዲመለሱ ረግረግ መልሰው ይሠራሉ። በ1959 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ግን መንግሥት እንዲህ ያለ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በቦታው ታሪካዊ ነገር መኖር አለመኖሩን እንዲያይ ያዛል።

በእኛም አገር ጥሩ ምሳሌ አለ። ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. አገሩ ገባ። ወዲያው ግን አልተተከለም። መጀመሪያ ባለሙያዎች መሬቱን ሳይቆፍሩ ውስጡን በሚያሳይ መሣሪያ መረመሩት። ከመሬቱ ሥር የጥንት መቃብር ክፍሎች ተገኙ። ሐውልቱ በጥንቃቄ ተተክሎ በ2000 ዓ.ም. ተመረቀ። ቢዘገይም አማረ።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

ምርመራው አምስት ደረጃ አለው።

1ኛ/ መጠየቅ። አዛውንቶችን፣ እረኞችን፣ ቀሳውስትንና ሼሆችን መጠየቅ ነው። የቦታው ስም ምንድን ነው? ስሙ ዖና ከሆነ ምልክት ነው። የቆየ መቃብር፣ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ነበረበት ወይ?

2ኛ/ በእግር ማየት። ሰዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ መሬት መሬት እያዩ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። የሚፈለገው የሸክላ ስብርባሪ፣ ስለታም ባልጩት፣ የተጠረበ ድንጋይ፣ ብረት ሲቀልጥ የሚቀር ጥቁር ዝቃጭ፣ አመድና አጥንት ነው። ጎርፍ የሸረሸረውን ገደልም ማየት ይገባል። በገደሉ ግድግዳ ላይ የአፈሩ ንብብር ይታያል።

3ኛ/ መሞከር። ባለሙያዎች ትንንሽ ጉድጓድ በጥንቃቄ ይቆፍራሉ። አፈሩንም በወንፊት ያበጥራሉ።

4ኛ/ መመዝገብ። የተገኘው ነገር ሁሉ በካርታና በፎቶግራፍ ይመዘገባል።

5ኛ/ መወሰን። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ቀላል ነው። የግድቡ ግንብ ወይም ቦዩ ፈቀቅ ይላል። ፈቀቅ ማለት ካልቻለ ባለሙያዎች ውኃው ከመምጣቱ በፊት ቆፍረው ያጠናሉ። ቅርሱ እጅግ ትልቅ ከሆነ ለግድቡ ሌላ ሸለቆ ይፈለጋል። ስለዚህ ቅርስ ተገኘ ማለት ውኃው ቀረ ማለት አይደለም።

ሲመረመር ደግሞ የኩሬው ወለል ብቻ አይበቃም። ለግንቡ አፈር የሚወሰድበት ቦታ፣ ድንጋይ የሚፈነቀልበት ቦታ፣ መኪና የሚሄድበት መንገድና ቦዩ የሚያልፍበት መሬት ሁሉ መታየት አለበት። ውኃ ክረምት ሲሞላ በጋ ሲጎድል የጥንቱን ግንብ ያላላል። የቄጠማና የዛፍ ሥርም ድንጋዩን ይፈነቅለዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ትልልቅ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት የሚያመጡት ጉዳት እንዲጠና ያዛል። በቅርስ ላይ የሚደርሰውም ጉዳት በዚህ ውስጥ ይታያል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ሰው ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲቆፍር ወይም በአጋጣሚ ቅርስ ቢያገኝ ወዲያው እንዲያስታውቅና ሳይነካ እንዲጠብቅ ይላል። ላስረከበው ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠውም ያዛል።

ለአንዲት ትንሽ ኩሬ ግን ባለሙያ ላይመጣ ይችላል። የመጀመሪያው መርማሪ ገበሬው ራሱ ነው።

ስለዚህ ስትቆፍሩ አንድ ነገር ብታገኙ እንዲህ አድርጉ። በዚያ ቦታ መቆፈሩን አቁሙ። ያገኛችሁትን አታንሡ፤ አትጠቡ፤ አትሽጡ። መልሳችሁ በአፈር ሸፍኑትና ምልክት አድርጉበት። ለጣቢያው አስተዳደርና ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። ማስታወቂያውን በጽሑፍ አድርጉት። ቀኑን፣ ቦታውንና ያያችሁትን ጻፉ። አንዱን ቅጂ እናንተ ዘንድ አስቀሩ። «መሬቴን ያስለቅቁኝ ይሆን?» ብሎ የሚሠጋ ሰው አለ። ሥጋቱ ያለ ነው። ነገር ግን የተደበቀ ነገር ማስረጃ አይሆንም። በጽሑፍ ያስታወቀ ሰው ስለ መሬቱ ሲከራከር በእጁ ወረቀት አለው።

ዕቃውን ከቦታው አታንሡ የምንለው ለምንድን ነው? ማንበብ የተማረ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ከመጽሐፍ አንድ ገጽ ተገንጥሎ ቢገኝ፣ ከየትኛው መጽሐፍ፣ ከየትኛው ምዕራፍ እንደሆነ አይታወቅም። ገንቦም፣ ሳንቲምም፣ የተጻፈበት ድንጋይም ከነበረበት አፈር ከተነሣ እንዲሁ ነው። በቦታው ሳለ ግን ይነበባል።

ወጣቱና አዛውንቱ ቢስማሙ መንደሩ ውኃም ታሪክም ይኖረዋል። ልጆቹ ከኩሬው ውኃ ይቀዳሉ። ከኩሬው ማዶ ያለውን ጉብታም እያሳዩ «እዚያ ማን ይኖር ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። የሚመልስላቸውም ሰው አያጡም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመንደራችሁ ዖና የሚባል ወይም የቆየ ታሪክ ያለው ቦታ አለ? ታሪኩን የሚያውቀው ማን ነው?
2. ከወጣቱና ከአዛውንቱ የማንን ሐሳብ ትደግፋላችሁ? ለምን?
3. ኩሬ ስትቆፍሩ የተጠረበ ድንጋይ ብታገኙ በመጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?
4. ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የሚላክ አጭር ማስታወቂያ ጻፉ።