የዕቃ ቤቱ ቁልፍ፦ ስለ ክፍት ምንጭ ማኅበረሰቦች የሥነ ምግባር ደንብ

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በአማርኛ በሚዘጋጁ ማብራሪያዎች ዘንድ ብዙውን ጊዜ «በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም» እየተባለ ስለሚፈታ አንባቢው ከነገሩ ሁሉ ዋጋውን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ይህም እድርን «ድንኳን በነጻ የሚያውስ ድርጅት» ብሎ እንደ መፍታት ነው። የክፍት ምንጭ ቁም ነገር የፕሮግራሙ ምንጭ፣ ማለትም ባለሙያዎቹ የጻፉት ኮድ ራሱ፣ ለሁሉ ተገልጦ መቀመጡና ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያርመው፣ ያረመውንም መልሶ እንዲያሰራጨው በጽሑፍ ፈቃድ መሰጠቱ ነው። የጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው ሥርዓት በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሲሆን ጳጉሜንን ጨምሮ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ ስለዚህ በየካ ክፍለ ከተማ በአንድ ጤና ጣቢያ ተቀምጣ ቁጥር የምትሞላ ሠራተኛ፣ አወቀችውም አላወቀችው፣ ሥራዋ አይታቸው በማታውቃቸው ሰዎች ጠባይ ላይ የቆመ ነው።

ሁለተኛው የተበላሸ ማብራሪያ ይህንኑ ጠባይ የሚመለከት ነው። የሥነ ምግባር ደንብ ሲነሣ «አትሳደቡ የሚል ወረቀት» ተብሎ ይታለፋል፤ ደንቦቹን ገልጦ ያነበበ ሰው ግን እንዲህ ሊል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2004 የመጀመሪያ እትሙ የወጣው (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ዝርያ፣ ቤንጃሚን ማኮ ሂል ያረቀቀውን ደንብ ይዞ ሲነሣ አባላቱ ለሌላው እንዲያስቡ፣ እንዲከባበሩ፣ በትብብር እንዲሠሩ፣ ያልገባቸውን እንዲጠይቁ፣ ሥራቸውን ሲተዉም በወጉ አስረክበው እንዲተዉ የሚያዝዝ ነበር። በ2009 ለመሪዎች ለብቻው ሌላ ደንብ ተጨመረ፤ እርሱም መሪው የግል ጥቅሙ ከውሳኔው ጋር ሲጋጭ እንዲያሳውቅ፣ ሥራን ለሌሎች እንዲያካፍል፣ ለሠራው ሰው ምስጋናውን እንዲሰጥ የሚጠይቅ ሲሆን፣ በኋላ ሁለቱ ደንቦች ተዋሕደው አንድ ሆነዋል። የማኅበረሰቡ ሙሉ አባል ለመሆን የሚሻ ሰውም ደንቡን በዲጂታል ፊርማ ይፈርማል።

ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዚያም ሽቅብ ወደ እንጦጦ ጋራ በሚወጡት ሰፈሮች የሚኖር አንባቢ ይህንን ሁሉ በእድሩ መተዳደሪያ ደንብ አስቀድሞ ያውቀዋል። የእድር ደንብ የወር መዋጮውን፣ ከቀብር የቀረ አባል የሚከፍለውን መቀጫ፣ የዳኛውን፣ የጸሐፊውንና የገንዘብ ያዡን ሥልጣን፣ የድንኳኑን፣ የወንበሩንና የድስቱን አያያዝ ይወስናል። በክፍት ምንጭ ማኅበረሰብም አበርካች የሚባለው አዲስ አግዳሚ ወንበር አሠርቶ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት የሚያመጣው አባል ነው፤ ተንከባካቢ የሚባለው ደግሞ ቁልፉን የያዘው፣ ወንበሩን ከመረከቡ በፊት እግሩ ይነቃነቅ እንደሆነ ገፋ አድርጎ የሚያየው፣ ከተነቃነቀም «ይጠገንና ይምጣ» ብሎ የሚመልሰው ሰው ነው። አዲስ እትም ሲወጣ የሚያውጀው ጥሩምባ ነፊው ነው። ተጠቃሚ ያጣ ፕሮግራም ሲዘጋም ቀብር አለ፤ ለቀስተኞቹ የቀድሞ ተጠቃሚዎቹ ናቸው፣ ለጥቂት ቀናትም ስለ ሟቹ ደግ ደጉን ይናገራሉ።

ምሳሌው የሚፈተነው ግን መለያየት ሲመጣ ነው። እድር ሲከፈል ድንኳኑ ለማን ይድረስ ተብሎ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ በክፍት ምንጭ ግን ፈቃዱ ስለማይከለክል የተለየው ወገን ምንጩን ሙሉ በሙሉ ገልብጦ ይወጣል፣ የቀረውም ወገን አንዲት ካስማ አትጎድልበትም። እዚህ ላይ ምሳሌው ፈረሰ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ አልፈረሰም። ድንኳን ሲባዛ ለቀስተኛው አብሮ አይባዛም፤ ከክፍፍሉ በኋላ ሁለት ሙሉ ድንኳኖች ግማሽ ግማሽ ሰው ይዘው ይቆማሉ፣ የሥነ ምግባር ደንብ የሚጠብቀውም ይህንኑ የማይባዛውን ሰው ነው።

እስካሁን የተባለው ሲጠቃለል፦ ክፍት ምንጭ ማለት ፈቃድ እንጂ ዋጋ አይደለም፤ የሥነ ምግባር ደንብ ከስድብ ክልከላ የሰፋ ነው፤ ለአባልና ለመሪ የሚጠይቀውም አንድ ዓይነት አይደለም።

ስለ ስድብ ግን ጨርሶ ዝም ማለት አይቻልም፤ የዓለም ወሬ የሆነውም እርሱ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አካላትና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘው የሥርዓቱ እምብርት፣ ለብዙ ዓመታት የሚታወቀው በጥራቱ ብቻ ሳይሆን መሪው የሰውን ሥራ በሚያዋርድበት ቃልም ጭምር ነበር። በ2015 የወጣው አጭር ደንብ «የግጭት ደንብ» የሚል ስም ተሰጥቶት ኮዱ በጥንቃቄ እንደሚመረመርና ብዙ ጊዜም እንደሚተች አስቀድሞ አስጠነቀቀ፤ በመስከረም 2018 ግን ቶርቫልድስ ስለ ጠባዩ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራው ገለል አለ፣ ማኅበረሰቡም ኮራላይን አዳ ኤምኪ በ2014 ባወጣችው «የአበርካቾች ቃል ኪዳን» ላይ የተመሠረተ አዲስ ደንብ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ጽሑፎች ዘንድ የደንብ ታሪክ ሁሉ የዚህ የአንድ ሰው ቁጣ ታሪክ ሆኖ ቀርቷል።

የሌላው አገር በሽታ ስድብ ከሆነ የአዲስ አበባው በሽታ ዝምታ ነው፤ ዝምታውም ይሉኝታ ይባላል። ታናሽ ታላቁን፣ ተማሪ መምህሩን «እዚህ ላይ ተሳስተዋል» አይልም፤ ካለም በአሽሙር ይላል፣ ወይም ሰውዬው ከሄደ በኋላ ከበር ውጭ ይላል። የዚህ ምዕራፍ አዘጋጅ ከመገናኛ ብዙም በማይርቅ ስፍራ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰበ የአንድ ፕሮግራምን አዝራሮችና ማሳሰቢያዎች ወደ አማርኛ ይመልስ በነበረ አነስተኛ ቡድን ውስጥ በአርታዒነት ሠርቷል። የቡድኑ መሪ በዕድሜም በዕውቀትም ከሁሉ ይበልጡ ስለነበር «አጥፋ» የሚለውን ቃል ፋይልን ለመሰረዝ ሲመርጡት ማንም አልተቃወመም፤ ነገር ግን ይኸው ቃል ማንቂያ ደወልን ለማቆምም ተመድቦ ስለነበር በአንዱ ገጽ ላይ ሁለት «አጥፋ» ጎን ለጎን ተሰለፉ፣ አንደኛው ድምፅን ዝም የሚያሰኝ፣ ሁለተኛው የሰውን ሥራ ደብዛውን የሚያጠፋ። ከቡድኑ ሁሉ ታናሽ የነበረችው ልጅ ስሕተቱን በመጀመሪያው ቅዳሜ አይታው ነበር፤ የተናገረችው ግን መሪው ወደ ውጭ አገር ከሄዱ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ለማረም ሲፈለግ የይለፍ ቃሉን የያዙት እርሳቸው ብቻ ሆነው ተገኙ፣ ከመሄዳቸው በፊት «ቁልፉን ለማን ይተዉታል?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ «መቼ ነው የሚሄዱልን?» ከማለት የማይለይ ድፍረት መስሎ ስለታየ አርታዒውን ጨምሮ ማንም አልጠየቀም ነበር። የቡድኑ ደንብ ስድብን በሦስት አንቀጽ ይከለክል ነበር፤ ስለ ርክክብ ግን አንድም ቃል አልነበረውም።

ርክክብ ደግሞ የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ ነው። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ጊዶ ቫን ሮሰም ለዓመታት «የዕድሜ ልክ ደግ አምባገነን» በሚል የቀልድና የእውነት ማዕረግ ሲጠራ ኖሮ፣ በሐምሌ 2018 አንዲት አነስተኛ የሰዋስው ለውጥ ካስነሣችው አድካሚ ክርክር በኋላ ሥልጣኑን ሲለቅ ተተኪ ሳይሾም ማኅበረሰቡ አስተዳደሩን ራሱ እንዲወስን ተወለት፤ ከወራት ውይይትና ድምፅ በኋላም አምስት አባላት ያሉት መሪ ምክር ቤት ተመረጠ። ሥነ ፈለክ ዛሬ በአብዛኛው በፓይተን የሚሠራ ሙያ ነውና፣ በእንጦጦ ጋራ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ቴሌስኮፖች በተተከሉበት ተመልካች ጣቢያ ሰማይን የሚያጠና ሰው እንኳ የዚህ ስንብት ሰላማዊ መሆን ይመለከተዋል።

ተቃራኒው ታሪክ ከዚህ የከፋ ሲሆን፣ ክፉ ያደረገውም አባላት ለመሪ የሚያሳዩት ጠባይ ነው። ኤክስ.ዜድ. የተባለው ፋይል መጭመቂያ መሣሪያ በብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች ውስጥ የሚገኝ ቢሆንም ለዓመታት ሲጠብቀው የኖረው ያለ ደመወዝ የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። በ2022 ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ሥራው ዘገየ፣ ሌላ ሰው ይተካ እያሉ በአደባባይ ይወተውቱት ጀመር፤ ጤናውም ሥራውን እንዳከበደበት ቢናገር አልራሩለትም። በዚያው ወቅት «ጂያ ታን» በሚል ስም የቀረበ ትሑትና ታታሪ አጋዥ ቀስ በቀስ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ተጋራ፣ በ2024ም በሁለት እትሞች ውስጥ ስውር የጓሮ በር አበጀ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ከርቀት ወደ ኮምፒውተር መግቢያው የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አጠራጥሮት ባይመረምር ኖሮ የጓሮው በር በዓለም ዙሪያ በተሰራጨ ነበር። ይህንን ታሪክ ሲያወሱ የስለላውን ጥበብ ብቻ የሚያደንቁ ጸሐፊዎች አሉ፤ ዋናውን ይስቱታል። በሩን የከፈተው ውትወታው ነበር፤ ውትወታውም በአንድ ብቻውን በደከመ ሰው ላይ ሲወርድ «እረፉ፣ ሰው ነው» የሚል አንድ አባል ቢነሣ ኖሮ አጋዥ ነኝ ባዩ ቁልፉን በዚያ ፍጥነት ባላገኘው ነበር።

ደንቦቹን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ የሚገጥመው ጥያቄ ሌላ ነው። እንግሊዝኛው ታናሽን ከታላቅ፣ ወንድን ከሴት በማይለይ ተውላጠ ስም «ካልገባህ ጠይቅ» ይላል፤ አማርኛው ግን «ጠይቅ»፣ «ጠይቂ» ወይም «ይጠይቁ» ብሎ መምረጥ ይገደዳል። አንዳንድ ተርጓሚዎች «ይጠይቁ» ለሁሉ ይስማማል ባዮች ናቸው፤ ሆኖም አንቱታ ርቀትን ስለሚያበጅ፣ በርቀትም ላይ ይሉኝታ ስለሚበቅል፣ የሃያ ዓመቷ አበርካች በአንቱታ እየተጠራች በአንቱታ የምትጠራውን መሪ ሥራ ታርማለች ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። «አንተ» ደግሞ ሴቶቹን ከደጅ ያስቀራል፤ ለታላላቆቹም ስድብ ይሆናል። የቀረው «ጠይቁ» የሚለው የብዙ ቁጥር ሲሆን እርሱ ጾታንም ዕድሜንም አይለይም፤ የእድር ጥሩምባ ነፊም ሰፈሩን የሚጠራው በዚሁ ነው፦ «ስሙ፣ አልሰማሁም እንዳትሉ፣ ነገ በአምስት ሰዓት ቀብር አለ»።