የወርቅ መፈለጊያ ዲቴክተርን ዘንግ በካርቦን ፋይበር መቀየር ምን ይጠቅማል?

ከመተማ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ገዳሪፍ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዶካ፣ ለብዙ ኢትዮጵያውያን የምትታወቀው በአካባቢው የማሽላና የሰሊጥ እርሻዎች ነው። ከአማራና ከትግራይ ክልሎች የሚነሡ የቀን ሠራተኞች ለአረምና ለአጨዳ ወደዚያ ሲመላለሱ ኖረዋል። በአቅራቢያዋ ያለው የኡም ራኩባ መጠለያ ጣቢያም በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎችን ተቀብሏል።

ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ግን በምሥራቅ ሱዳን የሰው ጉልበት የሚሻው እርሻው ብቻ አይደለም። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ሱዳን ከነዳጅ ዘይት ምርቷ ሦስት አራተኛ ያህሉን አጣች፤ ወርቅም ዋነኛ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ሆነ። በቡታና ሜዳና በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች እጅግ ብዙ ሰዎች በባህላዊ መንገድ ወርቅ ፍለጋ ተሰማሩ። ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት ሥራውን ይበልጥ አደገኛ ቢያደርገውም አላስቆመውም። የሱዳን ማዕድን ሀብት ኩባንያ በአውሮፓውያኑ 2024 በአገሪቱ 64 ቶን ወርቅ መመረቱን አስታውቋል።

ከእነዚህ ወርቅ ፈላጊዎች ብዙዎቹ የሚተማመኑት በእጅ በሚያዝ ዲቴክተር ነው። መሣሪያው ውድ በመሆኑ ጥቂት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ይገዙታል፤ ወይም ከባለቤቱ ጋር የሚገኘውን ሊካፈሉ ይስማማሉ። ስለዚህ “ይህን ብትቀይሩለት የተሻለ ይሠራል” የሚል ምክር ሲመጣ ጥያቄው የቴክኖሎጂ ብቻ ሳይሆን የኪስም ነው። ከእነዚህ ምክሮች አንዱ የአሉሚኒየሙን ዘንግ በካርቦን ፋይበር መተካት ነው።

ዘንጉ ምን ይሠራል?

ዲቴክተር በዋናነት ሦስት ክፍሎች አሉት፦ ከመሬት በላይ የሚወዛወዘው ጠፍጣፋ ኮይል፣ ድምፁን የሚያወጣው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን እና ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ። ለወርቅ ፍለጋ በስፋት በሚውሉት ዓይነቶች ኮይሉ በጣም አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶችን ወደ መሬት ይልካል። ከሥር ብረት ወይም ወርቅ ካለ በውስጡ ለቅጽበት ደካማ ጅረት ይፈጠራል፤ መሣሪያው የዚያን ጅረት አከሳሰም አንብቦ ይጮኻል።

በዚህ ሂደት ውስጥ ዘንጉ ድርሻ የለውም። መሣሪያው ምን ያህል ጥልቀት እንደሚደርስ የሚወስኑት የኮይሉ ስፋትና ዓይነት፣ የወርቁ መጠን፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን ብዛት እና የመሣሪያው አስተካከል ናቸው። የካርቦን ፋይበር ዘንግ ወርቁን ከበፊቱ ጠለቅ ካለ ቦታ እንደሚያወጣ የሚናገር ሻጭ ቢኖር የሚለው ትክክል አይደለም።

ታዲያ ጥቅሙ የት ላይ ነው?

ጥቅሙ ክንድ ላይ ነው። አንድ ሰው ኮይሉን በየሁለት ሰከንዱ አንድ ጊዜ ቢያወዛውዝ በሰዓት 1,800 ጊዜ፣ በስድስት ሰዓት ደግሞ 10,800 ጊዜ ይሆናል። የደከመ ክንድ ኮይሉን ከመሬት ከፍ ያደርጋል፣ ይቸኩላል፣ ቦታ ይዘላል። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍታ ትንሽዬ ፍሬ ወርቅን ሳያዩ ለማለፍ በቂ ነው።

ካርቦን ፋይበር በተመሳሳይ መጠን ከአሉሚኒየም በእጅጉ ይቀላል፤ የአንዱ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ሲሆን የአሉሚኒየም 2.7 ግራም ነው። ግትር በመሆኑም ኮይሉ ሲወዛወዝ ዘንጉ አይለምጥም። የአውስትራሊያው አምራች ማይንላብ በአውሮፓውያኑ 2015 ያወጣው ጂፒዜድ 7000 ክብደቱ 3.32 ኪሎ ግራም ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ያቀረበው ጂፒኤክስ 6000 ግን 2.1 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ልዩነቱ ከዘንግ ብቻ የመጣ ባይሆንም፣ አምራቾች ራሳቸው ክብደት መቀነስን ትልቅ ቁም ነገር እንዳደረጉት ያሳያል።

ይሁን እንጂ የክብደቱ መጠን ብቻ ሳይሆን ያለበት ቦታም ወሳኝ ነው። ነገሩ እንደ ገበያ ሚዛን ነው። ከእጅ 1 ሜትር ርቆ የተንጠለጠለ የግማሽ ኪሎ ኮይል፣ ከእጅ ወደ ኋላ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ከተቀመጠ 2 ኪሎ ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ ዘንጉን ከመቀየር በፊት ቀለል ያለ ኮይል መጠቀም፣ ባትሪውን ወደ ክርን ማስጠጋት ወይም ክብደቱን ወደ ትከሻ የሚያሸጋግር ማንገቻ ማሰር በአነስተኛ ወጪ የተሻለ እፎይታ ሊሰጥ ይችላል።

ከመግዛት በፊት ምን መታየት አለበት?

ካርቦን ፋይበር እንደ አሉሚኒየም ባይሆንም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከኮይሉ አጠገብ ሲሆን በጣም ንቁ የሆኑ መሣሪያዎችን በሐሰት ሊያስጮኽ ይችላል። በዚህ ምክንያት የዘንጉ የታችኛው ክፍል ከፋይበርግላስ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል። ኮይሉን የሚይዙት ቡሎንና ሮንዴላም የፕላስቲክና የጎማ እንጂ የብረት መሆን የለባቸውም። ገመዱ በዘንጉ ላይ ጠበቅ ብሎ መጠምጠም አለበት፤ የላላ ገመድም ሐሰተኛ ድምፅ ያመጣል።

መፈተሻው ቀላል ነው። መሣሪያውን አብርቶ፣ ኮይሉን ከመሬትና ከማንኛውም ብረት አርቆ ዘንጉን ቀስ ብሎ መነቅነቅ ነው። በነቀነቁት ቁጥር የሚጮኽ ከሆነ ዘንጉ ወይም አገጣጠሙ ችግር አለበት።

ሌላው የጥገና ጉዳይ ነው። የጎበጠ አሉሚኒየም ይቃናል፤ ካርቦን ፋይበር ግን ሳይጎብጥ በድንገት ይሰበራል፣ በብየዳም አይጠገንም። ለማሳጠር ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ሳንባንና ቆዳን ስለሚያስቆጣ አፍና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል። አሸዋ የሚገባባቸው መቆለፊያዎችም በየጊዜው መጽዳት አለባቸው።

ከሁሉ በፊት ደግሞ መሣሪያው ራሱ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ማይንላብ በስሙ የተሠሩ ሐሰተኛ ዲቴክተሮች በአፍሪካ ገበያ እንደሚሸጡ በተደጋጋሚ አስጠንቅቋል። ሐሰተኛን መሣሪያ አዲስ ዘንግ አያድነውም።

መሣሪያው የማይለየው አደጋ

በጦርነት ባለፈ መሬት ላይ የሚፈልጉ ሰዎች ማወቅ ያለባቸው ሌላም ነገር አለ። ዲቴክተሩ የሚጮኸው ለወርቅ ብቻ አይደለም፤ ለጥይት ቀለህ፣ ላልፈነዳ ጥይትና ለፈንጂም ይጮኻል። የወርቅ መፈለጊያ የፈንጂ ማምከኛ መሣሪያ አይደለም። ውጊያ በተካሄደበት ቦታ ድምፅ ተሰማ ብሎ በዶማ መቆፈር ሕይወት ያስከፍላል። ያልታወቀ ብረት የታየ እንደሆነ ሳይነኩት በመጡበት ዱካ መመለስ፣ ሌሎችን ማስጠንቀቅና ለባለሥልጣናት ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ሕጉም መዘንጋት የለበትም። በኢትዮጵያ በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ባህላዊ ወርቅ አምራቾች ከክልሎች ፈቃድ ማግኘት አለባቸው። በሱዳንም ሥራው በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ድንበር ተሻጋሪ ሠራተኛ ያለ ፈቃድ ሲገኝ መሣሪያውንም ነጻነቱንም ሊያጣ ይችላል።

በአጠቃላይ፣ ለረጅም ሰዓት ለሚሠራና ትክክለኛ መሣሪያ ላለው ሰው የካርቦን ፋይበር ዘንግ ድካምን ይቀንሳል፤ ኮይሉንም ወደ መሬት አስጠግቶ በእርጋታ ለማወዛወዝ ያግዛል። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን ቅድሚያ የሚገባው ለአፈሩ የሚስማማ ኮይልና ለጥሩ ማንገቻ ነው።