ለሁለት ኪሎ ቲማቲም አንድ ሞተር

ስልክ ላይ አስቤዛ ማዘዝ ለብዙ የአዲስ አበባ ወጣት ለምዶበታል። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ፓስታ… ነካ ነካ ማድረግ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ሞተረኛው በር ላይ ነው። ጉለሌ ላይ ግን ነገሩ ዳገት አለበት። አባባል አይደለም፣ እውነተኛ ዳገት! ከጊዮርጊስ ወደ አዲሱ ገበያ ወይም ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ሞተር ደግሞ ነዳጅ የሚጠጣው ዳገት ላይ ነው።

ያ ቲማቲም ቀድሞውንም ብዙ ተጉዟል። ፒያሳ አጠገብ የነበረው አትክልት ተራ በኮሮና ጊዜ መጀመሪያ ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም በከተማዋ ደቡብ በኩል ወዳለው ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። ከዚያ ተጭኖ ጉለሌ የሚደርስ አትክልት ከተማዋን ከደቡብ እስከ ሰሜን ያቋርጣል ማለት ነው። ያም ሆኖ የጭነት መኪናው ነዳጅ ለብዙ ኩንታል ይካፈላል። የመጨረሻዋ አጭር ጉዞ ግን ለሁለት ኪሎ ብቻ አንድ ሞተር ታስነሳለች። ብክነቱ እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ዴሊቨሪ ለአካባቢ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? የአሜሪካው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ሲያትል ላይ ተመርኩዘው ያወጡት ጥናት አለ። አስቤዛ በማድረሻ መኪና ሲመጣ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ እያንዳንዱ ሰው በየመኪናው ሄዶ ሲገዛ ከሚወጣው ከ20 እስከ 75 በመቶ ያነሰ ነው። ተቀራራቢ ቤቶች በአንድ ጉዞ ሲዳረሱ ደግሞ ቅናሹ ከ80 እስከ 90 በመቶ ይደርሳል።

ይህን አንብበን “በቃ፣ ዴሊቨሪ አረንጓዴ ነው” ብለን እንዳንጨርስ። እዚያ ዴሊቨሪ የተካው መኪናን ነው። እኛ ሰፈር ብዙ ጊዜ የሚተካው እግርን ነው። ስለዚህ ጥግ ላይ ጉልት ካለ፣ እግርም ጊዜም ካለ፣ በእግር ሄዶ መግዛትን የሚያህል የለም። ጭስ የለው፣ ብሩም ሰፈር ውስጥ ይቀራል፣ “ጨምሪልኝ” ማለትም ይቻላል።

ሁሌ ግን አይቻልም። ከሥራ አምሽቶ የሚገባ አለ፣ አራስ ወይም የታመመ ሰው ያለበት ቤት አለ፣ የሐምሌ ዝናብም አለ። እዘዙ፣ ችግር የለውም። ጉዳዩ እንዴት እንደምናዝ ነው።

አንደኛ፣ ሰብሰብ አድርጋችሁ እዘዙ። ዛሬ ሽንኩርት፣ ነገ ዘይት፣ ከነገ ወዲያ ጨው ከማለት የሳምንቱን በአንድ ላይ። ከዚያም ጎረቤት ጨምሩ። የግቢው ወይም የብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ አለ አይደል? “መብራት ሄደ”፣ “ውሃ መጣ” የሚባልበት። እዚያው ላይ “አስቤዛ ላዝ ነው፣ የሚጨምር አለ?” ብሎ መጻፍ ነው። የማድረሻውም ሒሳብ ይካፈላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ?

ሁለተኛ፣ አታጣድፉ። “አሁኑኑ” ያላችሁት ትዕዛዝ ሞተረኛውን ለእናንተ ብቻ ያስነሳዋል። “እስከ ማታ ይድረስልኝ” ስትሉ ግን የሦስት አራት ቤት ዕቃ ይዞ አንድ ጊዜ ይወጣል። ዝናብ በመታው ቁልቁለት ላይ የሚበረው ልጅም የሰው ልጅ መሆኑን አንርሳ።

ሦስተኛ፣ “በኤሌክትሪክ ሞተር ታደርሳላችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ሕዳሴ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም ከልክሏል፤ እንደ ዶዳይ ያሉ ኩባንያዎች ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተር እዚሁ አዲስ አበባ እየገጣጠሙ ነው። ነዳጅ በዶላር ተገዝቶ ይመጣል፣ ውሃው ግን የራሳችን ነው። ደንበኛ ደጋግሞ ከጠየቀ ነጋዴ ይሰማል።

አራተኛ፣ ፌስታሉ። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስስ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር፤ ውጤቱን ሁላችንም አይተናል። በ2017 ዓ.ም ምክር ቤቱ ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ከበድ ያለ ነው፤ የፕላስቲክ ፌስታል ማምረትንም መጠቀምንም ይከለክላል። ጉለሌ ደግሞ ላይኛው ሰፈር ነው። ቀጨኔ ወንዝ ውስጥ የወደቀ ፌስታል መሀል ከተማውን አቋርጦ ቁልቁል ወደ አቃቂ ይወርዳል። ስታዝዙ “ያለ ፌስታል” ብላችሁ ጻፉና በር ላይ ዘንቢል ይዛችሁ ጠብቁ። እናቶቻችን ገበያ የወጡት በዘንቢል ነው፤ አንዱም ዘንቢል ቦይ ደፍኖ ጎርፍ አላመጣም።

ለዴሊቨሪ ድርጅቶችም አንድ ጥያቄ አለን። አፓችሁ ላይ “አልቸኩልም፣ ከጎረቤት ጋር ይምጣልኝ” የምትል አንዲት ምርጫ ጨምሩ፤ ዋጋዋንም ቀነስ አድርጉ። እስኪጨምሩ ድረስ ግን እናንተ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ከማዘዛችሁ በፊት የብሎኩን ግሩፕ ክፈቱና ጠይቁ። ምናልባት ላይኛው ፎቅ ያለው ሰው እሱም ለሁለት ኪሎ ሽንኩርት ሌላ ሞተር ሊጠራ ይሆናል።