ዝም ያለው ራዲዮ፦ ያረጁ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን መለየትና መተካት

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አምቦ ይደርሳል፤ ከዚያም በጉደርና በጌዶ በኩል ወደ ባኮ ይቀጥላል። በእነዚህ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች በሚገኙ ነባር ቤቶች፣ ዳንቴል ለብሶ በቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠ፣ ነገር ግን ድምፁ ከጠፋ ብዙ ዘመን ያለፈው ራዲዮ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ሥርጭቱን ከአዲስ አበባ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 በመንግሥት እስከተወረሰ ድረስ ይደመጥ የነበረው እንዲህ ባሉ መሣሪያዎች ነበር።

ከእነዚህ አንዱን ከጉደር የመጣ ተማሪ ይዞልን መጣ። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ የ1960ዎቹ ትራንዚስተር ራዲዮ ነው። የሟች አያቱ ንብረት ሲሆን፣ ሴት አያቱ የላኩት ቃል «ባይሠራም ይመለስልኝ፤ ለመለዋወጫ እንዳይበተን» የሚል ነበር። በመሆኑም አንድም ክፍል ያለ በቂ ምክንያት ላለመንቀል ተስማማን። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ያን ራዲዮ እየመረመርን የሄድንበትን ቅደም ተከተል እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ሥራ በክፍሎቹ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። በአውሮፓ በተሠሩ መሣሪያዎች ላይ ኦሲ71 የሚል ጽሑፍ የቆየ ትራንዚስተርን ያመለክታል። በኋላ በወጣው አሠራር ግን የመጀመሪያው ፊደል ንጥረ ነገሩን ይናገራል፤ «ኤ» ጀርማኒየም፣ «ቢ» ሲሊከን ነው። ስለዚህ ኤሲ128 ከጀርማኒየም፣ ቢሲ108 ከሲሊከን የተሠሩ ናቸው። የጃፓን ትራንዚስተሮች ደግሞ 2ኤስኤ፣ 2ኤስቢ፣ 2ኤስሲ ወይም 2ኤስዲ በሚል ይጀምራሉ፤ ይሁን እንጂ «2ኤስ» የሚለው ብዙ ጊዜ ስለማይታተም ሲ1815 የሚል ያየ ሰው 2ኤስሲ1815 ብሎ ማንበብ ይኖርበታል።

ይህ ልዩነት ተራ የስም ጉዳይ አይደለም። ጀርማኒየም ትራንዚስተር መሥራት የሚጀምረው በቤዝና በኤሚተር መካከል ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት ሲያገኝ ነው፤ ሲሊከን ግን 0.6 ቮልት ያህል ይፈልጋል። በጉደሩ ራዲዮ ላይ ቀደም ሲል የሞከረ ጠጋኝ ጥንድ ሆነው ከሚሠሩት ሁለት ኤሲ128ዎች አንዱን በሲሊከን ተክቶት አገኘን። ወረዳው ለጀርማኒየም የሚበቃውን ትንሽ ቮልቴጅ ብቻ ስለሚሰጥ አዲሱ ክፍል ለደካማ ድምፅ አይነቃም፤ ውጤቱም የተቆራረጠ ድምፅ ነው። ከተጣለ አሮጌ ሰሌዳ ላይ ያገኘነውን ኤሲ128 ለክተን መለስንለት።

ቀጥሎ የመረመርነው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮችን ነው። በውስጣቸው የአሉሚኒየም ቅጠልና ፈሳሽ የጠጣ ወረቀት አለ። ክዳናቸው ሲያረጅ ፈሳሹ ቀስ በቀስ ይደርቃል። ክዳኑ ላልቶ የቆየ አምቦ ውኃ በመልኩ ያው ነው፤ ጋዙ ግን የለም። የደረቀ ካፓሲተርም ከውጭ ደህና መስሎ በውስጡ ሥራውን አቁሟል። በምትኩ የሚገባው ክፍል የቀድሞውን ያህል ማይክሮፋራድ፣ ቮልቱም እኩል ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይገባል። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ትራንዚስተር ራዲዮኖች የባትሪውን አዎንታዊ ጫፍ የጋራ መስመር አድርገው ይጠቀማሉ። የዛሬውን አሠራር ብቻ የለመደ ተማሪ ካፓሲተሩን ገልብጦ ሊበይደው ይችላል፤ የተገለበጠ ኤሌክትሮሊቲክ ደግሞ ይሞቃል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

የሬዚስተር ዋጋ ከቀለሙ ይነበባል። ቢጫ 4፣ ሐምራዊ 7፣ ብርቱካናማ ደግሞ ሦስት ዜሮ ስለሆነ በአንድነት 47,000 ኦም ማለት ነው። የቆዩ የካርቦን ሬዚስተሮች በዕድሜ ብዛት ዋጋቸው ከተጻፈው በላይ ይወጣል። በትክክል ለመለካት አንዱን እግር ከሰሌዳው ማላቀቅ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ መልቲሜትሩ ጎረቤቶቹንም ጨምሮ ይለካል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ራዲዮው አሁንም ጣቢያ አልያዘም፤ የሚሰማው ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ፊታችንን የአንቴናውን ምልክት ወደሚቀበለው ወደ ኤኤፍ117 አዞርን። ይህ ትራንዚስተር አራት እግር አለው፤ አራተኛው ከብረት ሽፋኑ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ቤተሰብ ትራንዚስተሮች ሽፋን ውስጥ፣ በዘመናት ሂደት፣ ከፀጉር የቀጠኑ የቆርቆሮ ክሮች እንደሚያድጉና ውስጣዊ እግሮቹን ከሽፋኑ ጋር እንደሚያገናኙ በጠጋኞች ዘንድ የታወቀ ነው። ስንለካ በሽፋኑና በኮሌክተሩ መካከል ዜሮ ኦም አገኘን። አራተኛውን እግር ብቻ ቆረጥን፤ ትራንዚስተሩን መንቀል አላስፈለገም። ከመካከለኛው ሞገድ ላይም የሰው ድምፅ ተሰማ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የባትሪ ራዲዮ ለጀማሪ ተስማሚ ነው፤ በ220 ቮልት የሚሠራ የቫልቭ ራዲዮ ግን አይደለም። በውስጡ ከ200 ቮልት በላይ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ይገኛል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ያጠራቀሙትን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ስለሆነም በሬዚስተር አማካይነት ሳያራግፉና በመልቲሜትር ሳያረጋግጡ እጅን ማስገባት ለሕይወት አደገኛ ነው። ልምድ ያለው ሰው በሌለበት አይሞከር።

ራዲዮው ወደ ጉደር ከመመለሱ በፊት የቀየርናቸውን ክፍሎች ዝርዝር በወረቀት ጽፈን ከጀርባ ክዳኑ ውስጥ ለጠፍን። ከእኛ በኋላ የሚከፍተው ሰው ምን እንደተለወጠና ለምን እንደተለወጠ እንዲያውቅ ነው። አያቱ ግን ወረቀቱን አላዩትም፤ ራዲዮውን ከፍተው ዳንቴሉን ወደ ጎን እንዳነሱት ተማሪው ነግሮናል።