ወገብ ታሞ ክብደት ስለ ማንሣት

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ካራቆሬ ቤተሰቡን ሊጠይቅ የሄደ አንድ ጓደኛችን፥ አንድ ኩንታል ማሽላ ብቻዬን ከመሬት አነሣለሁ ብሎ ወገቡን ተጎዳ። ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ የለመደ ተሸካሚ እንኳ ሁለት ሰው ያሸክመዋል እንጂ ብቻውን አይታገለውም።

ከዚያም ሳምንት ሙሉ ተኛ። ሁለተኛው ስሕተት ይህ ነው እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የወጣ ጥናት፥ 2 ቀን ብቻ እንዲተኙ የታዘዙት የወገብ ሕመምተኞች 7 ቀን ከታዘዙት ይልቅ ከሥራ የቀሩባቸው ቀኖች ጥቂት እንደ ነበሩ አሳይቷል። ሥራ የፈታ ጡንቻ ይሰንፋልና።

ታዲያ በምን እንጀምር? በባዶ እጅ። ጀርባን ሳያጎብጡ፥ ጉልበትን ጥቂት አጥፎ፥ ዳሌን ወደ ኋላ እየገፉ ጎንበስ ቀና ማለት ነው። ይህ ካላሳመመ 5 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን፥ ማለትም 5 ኪሎ ያህል፥ ከሰውነት አስጠግቶ ማንሣት ይቻላል፤ ሸክም ከሰውነት በራቀ መጠን በአከርካሪ ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል። ክብደቱን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት መጨመር ነው። በማግስቱ ሕመሙ ከበረታ ክብደቱን መቀነስ ይገባል፤ እዚህ ላይ እልህ አይሠራም።

ነገር ግን እግር ከሰነፈ፥ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ከደነዘዘ፥ ወይም ሽንት እንቢ ካለ፥ ልምምዱን ትቶ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ጓደኛችን አሁን 10 ኪሎ ደርሷል። ኩንታሉን ወንድሞቹ አስገብተውታል።