የባሕር ሥር ፍል ውሃና ዕውሩ ሽሪምፕ

ከግንጪ በስተሰሜን ባለው በጭልሞ ደን፥ ከጽዱና ከዝግባው ጀምሮ እስከ ጉሬዛው ድረስ ሁሉም የሚኖረው በፀሐይ ነው። ቅጠሉ ብርሃኑን ይይዛል፤ ጉሬዛው ቅጠሉን ይበላል፤ የረገፈውንም ትል ይበላዋል። ከዚያ ወደ አምቦ ወርደን ከፍል ውሃው መዋኛ ስንገባ ግን ሌላ ኃይል እናገኛለን፤ እርሱም ከምድር ውስጥ የሚወጣው ሙቀት ነው። ታዲያ ፀሐይ በማትደርስበት ቦታ፥ ከፍል ውሃ በሚወጣው ነገር የሚኖር ፍጥረት ሊኖር ይችላልን?

መልሱ የተገኘው ከውቅያኖስ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 አልቪን የተባለችው ጠላቂ መርከብ በጋላፓጎስ አጠገብ 2,500 ሜትር ያህል ወርዳ ስታይ፥ በፍል ውሃው ዙሪያ እንስሳት ተሰብስበው ተገኙ። በ1986 ደግሞ ከአትላንቲክ፥ 3,600 ሜትር ያህል ጥልቀት ካለው ስፍራ የተገኘ አንድ ሽሪምፕ ሪሚካሪስ ኤክሶኩላታ ተብሎ ተሰየመ፤ የኋለኛው ቃል ዓይኑን የተነፈገ ማለት ነው። ሽሪምፕ የሸርጣን ወገን ነው፤ ይህኛው ርዝመቱ ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ሲሆን በፍል ውሃው አፍ ላይ እንደ ንብ መንጋ ይርመሰመሳል። ኮፔፖድ የሚባሉት ዘመዶቹማ ያለ ማጉሊያ መነጽር በደንብ አይታዩም።

ውሃው ሲወጣ ሙቀቱ 360 ዲግሪ ያህል ነው። በአምቦ ከፍታ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይንተከተካል፤ እዚያ ግን ከላይ የተጫነው የባሕር ክብደት አያስፈላውም። ሽሪምፑ በዚህ ውስጥ አይዋኝም፤ ቢገባ ወዲያው ይቀቀላል። የሚኖረው ትኩሱ ከቀዝቃዛው ባሕር በሚቀላቀልበት ጠርዝ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምግቡ ሙቀቱ ይመስለውና ነው። ምግቡ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው፥ ድኝ ያለበት ጋዝና ሌላውም ከምድር የወጣ ንጥረ ነገር ነው፤ እርሱንም ቢሆን ሽሪምፑ ራሱ አይበላውም። በአፉና በጕንጩ ውስጥ የተሸከማቸው ባክቴሪያዎች ጋዙን ከኦክሲጅን ጋር አዋሕደው ኃይል ያወጣሉ፤ እርሱም የሚመገበው ከእነርሱ ነው። ስለዚህ ከጠርዙ ቢርቅ ባክቴሪያዎቹ ይራባሉ፤ ቢጠጋ ይቃጠላል።

ይህን ድንበር በምን ይለያል? ዓይን የለውም ቢባልም በጀርባው ላይ ብርሃን የሚቀበል አካል እንዳለው በ1989 ተገለጸ። ትኩሱ ውሃ በሰው ዓይን የማይታይ ደካማ ፍካት አለው፤ ምናልባት ያንን ሳያይ አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

እንግዲህ ከፀሐይ ፈጽሞ ተለይቶ ይኖራል እንበልን? አንዳንድ ጽሑፎች እንዲህ ይላሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ባክቴሪያዎቹ የሚጠቀሙበት ኦክሲጅን ራሱ ከላይ፥ ብርሃን ከሚጠጡ ዕፅዋት የመጣ ነው። ሽሪምፑም በልጅነቱ እንደ ሌላው ሽሪምፕ ዓይን አለው፤ የሚመገበውም ከፀሐይ ብርሃን የተገኘ፥ ከላይ የሚወርድ ምግብ ነው። ዓይኑ የሚጠፋው አድጎ ወደ ፍል ውሃው ከገባ በኋላ ነው።