ቬላ ለምን ድንገት ይፈጥናል?

በየካቲትና በመጋቢት ሰማዩ በጠራ ምሽት ኢትዮጵያ ውስጥ ኤረር ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ የሚያይ ሰው፣ ከአድማሱ 35 ዲግሪ ያህል ከፍ ብለው የቬላ ህብረ ኮከብን ኮከቦች ያገኛል። በዚያው አቅጣጫ፣ 1,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ፣ በዓይን የማይታይ፣ እሱም ቬላ የሚባል ፑልሳር አለ። የመጀመሪያውን ፑልሳር እ.ኤ.አ በ1967 ጆሴሊን ቤል ያገኘችው ኬምብሪጅ ላይ ነበር፤ የቬላው ፑልሳር ግን ከእንግሊዝ አድማስ በላይ ስለማይወጣ በቀጣዩ ዓመት የተገኘው አውስትራሊያ ውስጥ ነው። ፑልሳር በፍጥነት የሚሽከረከርና በየዙሩ የሬዲዮ ምት የሚልክ የኒውትሮን ኮከብ ነው፤ ከፀሐያችን የሚበልጥ ቁስ ከመሃሉ እስከ ወለሉ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ሉል ውስጥ ታምቋል። ይህን ሉል ቆፍሮ የሚያይ የለም። ቢሆንም ውስጡ ያለ ሰበቃ የሚፈስ ፈሳሽ (ልዕለ ፈሳሽ) እንደያዘ ማወቅ ይቻላል፤ ምስክሩም መሽከርከሩ ራሱ ነው።

ቬላ በሰከንድ 11 ጊዜ ይዞራል፤ ኃይል ስለሚረጭም ቀስ በቀስ ይዘገያል። በ1969 ግን ተመራማሪዎቹ ራድሃክሪሽናንና ማንቸስተር ድንገት ፈጥኖ አገኙት። ከዚያ ወዲህ በአማካይ በየሦስት ዓመቱ ገደማ ፍጥነቱ በሚሊዮን አንድ ወይም ሁለት እጅ ይዘላል። ከውጭ የሚገፋው ነገር አልታየም። በሚሽከረከር እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ እንስራው ቢያዝም መዞሩን እንደማይተው፣ የኮከቡ ቅርፊት ሲዘገይ የውስጡ ልዕለ ፈሳሽ የቀድሞ ፍጥነቱን ይዞ ይቆያል። ይህ ፈሳሽ የሚዞረው በእጅግ ቀጫጭን አዙሪቶች ነው፤ አዙሪቶቹም በቅርፊቱ አቶሞች ኒውክለሶች ላይ ተጣብቀው ይቆዩና የፍጥነት ልዩነቱ ሲበዛ በአንድ ጊዜ ተላቀው ትርፉን ለቅርፊቱ ያስረክባሉ። ከዝላዩ በኋላ ኮከቡ ለመረጋጋት ሳምንታትና ወራት ይፈጅበታል፤ ሁለንተናው ድፍን አለት ቢሆን ይህን ያህል ባልቆየ ነበር።

ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ቢሆንስ? ይህ ለትናንሽ ዝላዮች ያስኬድ ይሆናል፤ ለቬላ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ የሚጠራቀመው ውጥረት አይበቃም። መቶ ሚሊዮን ዲግሪ በሚግል ነገር ውስጥ ልዕለ ፈሳሽ እንዴት ይኖራል የሚለው ጥያቄም ተገቢ ነው፤ ሂሊየም እንኳ ከፍጹም ዜሮ በላይ ወደ 2 ዲግሪ አካባቢ መውረድ ያስፈልገዋል። ነገር ግን የታጨቁት ኒውትሮኖች የእርስ በርስ ኃይል ከዚህ እጅግ ከሚበልጥ ሙቀት ጋር ስለሚስተካከል፣ ለእነርሱ ያ ግለት ብርድ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሚግዳል ይህን የተነበየው ፑልሳር ከመገኘቱ በፊት፣ በ1959 ነበር። የሚከብደው መቃወሚያ ከ2012 ወዲህ የመጣው ነው፤ በስሌቶች መሠረት የቅርፊቱ ፈሳሽ ብቻውን ለእነዚህ ዝላዮች ላይበቃ ይችላል። ይህ ግን ፈሳሹን አያስክድም፤ የልቡም ፈሳሽ ይሳተፋል ወደሚል ግምት ይወስዳል እንጂ። ዝላዩ ሲከሰት በቀጥታ የታየበትም ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 12፣ 2016 የታዝማኒያ ቴሌስኮፕ አንዱን ዝላይ ምት በምት ሲመዘግብ አንድ ምት ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ቬላ በ2019 እንደገና ፈጠነ።